ከሂርማታ ያመጣኋት

ሐሙስ ነበር ቀኑ፣ ሂርማታ ጨቅይቶ፣
ሸራ ስር ቆማለች፣ ክዳኗ ተከፍቶ፤
የሌሊቱ ዝናብ ሆዷ ውስጥ ተኝቶ፣
አንድ የሙዝ ልጣጭ በላዩ ዋኝቶ።
ሻጩ ዐይኔን አይቶ
«ልብስ ታጥባለች» አለኝ፤ «ትሠራለች» አላለኝ።
የቃሉ ልዩነት ኋላ ነው የገባኝ።

ሰባት ሺህ ጀመረ፣ አራት ላይ ተስማማን፤
ባጃጅ አይችላትም፣ ጋሪ ላይ አጋደምን።
ፈረሱ በየጉድጓዱ ዞሮ ዞሮ ያያል፣
ስትንኳኳ ሲሰማ
ከኋላው ሌላ ፈረስ የመጣ ይመስለዋል።

አሥራ አራት አልጋ፤ ሃያ ስምንት አንሶላ፤
መናኸሪያው ጀርባ ያለው አልጋ ቤት ነው እንጀራዬ።
ማን ከማን እንዳደረ አልጠይቅም እኔ፣
እድፉን ነው የማውቀው፣ ከሄዱ በኋላ።

አዴ ዘቢባ መጥታ፣ ሙክት እንደሚገዛ
ጎኗን ዳባበሰች፣ ወገቧን ይዛ፤
«ቆዳዋ ብቻ ነው» አለችኝ በዋዛ።

«እኔ የማውቅ ሬዲዮ» አለኝ ሸምሱ ቀድሞ።
እምቢ ግን አላለም።
በጎኗ አስተኛት፣ ጀርባዋን ፈታታ፣
ልጁ ሲፈን ባትሪ በጥርሷ ነክሳ
ስታበራ ማታ።

ቀበቶዋ ተበጥሷል፤ ሽቦዋን አይጥ በልቷል፤
ፓምፗ ታንቋል።
ከጉሮሮዋ ወጣ፦
አራት የሸሚዝ ቁልፍ፣
አንድ የበር ቁልፍ፣
የሕፃን ካልሲ፣ የግራ ይሁን የቀኝ ማን ይናገራል።
ማን ይሆን ያን ማታ ደጅ ቆሞ ያደረ፣
ኪሱን ገልብጦ፣ ሠራተኛዋን የጠረጠረ?
እኔም ተባርሬ ነበር፣ በአንድ ወርቅ ቀለበት።
ያ ቤትም ነበረው እንዲህ ያለ ማሽን፣
ሆዱን ማንም ሳይፈታለት።

ይህን ለሸምሱ አልነገርኩትም።
ቁልፎቹን ብቻ አጥቤ፣ ጣሳ ውስጥ አስቀመጥኩ።

አዲስ ቀበቶ ቢጠየቅ፣ የለም አሉ ከተማው ሁሉ።
ከአጋሮ አስመጣ የቡና መፈልፈያ አሮጌ ቀበቶ፣
ወርዱን በምላጭ ላጭቶ፣
ሦስት ቀን ለክቶ፣ ሦስት ቀን ተሳስቶ፤
በአራተኛው ገባ።

የማዞሪያዋ ጽሑፍ የማናውቀው ቋንቋ፣
እሱም ተፋፍቆ አልቋል።
ሲፈን በማርከሯ አዲስ ስም አወጣች፦
«አንሶላ»፣ «ፎጣ»፣ «ብርድ ልብስ»።
አንድ ቦታ ተረፋት። እስክሪብቶ እንደያዘ ዳኛ አሰበች፣ አሰበች፣
«ተዋት» ብላ ጻፈች።

ውሃ በጀሪካን፤ ቧንቧ ሰኞና ዓርብ ነው።
ሰካናት። ዝም አለች።
ሸምሱ «ቢስሚላህ» ብሎ በመዳፉ መታ፤
ጉርርር አለች፣ ነቃች፣
ከቆመችበት ቦታ ሁለት ክንድ ሄደች
የዘቢባን ጫማ ገፍታ።
«ያዟት! ልትወጣ ነው!» አዴ ዘቢባ በሳቅ
ግድግዳ ተደግፋ እንባዋን ጠርጋ።
እግሯ ስር ድንጋይ አደረግን፤ ረጋች።

ስድስት አንሶላ በላች። ሰባተኛው ላይ
መብራት ሄደ።
አረፋዋን እንደያዘች ቀረች፣
ነገር ጀምሮ እንደተቆጣ ሰው።
እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን ሰደድኩላት፤
ግማሹን እሷ አሸችው፣ ግማሹን እኔ፤
ማን የቱን እንዳነጻ አይለይም ገመድ ላይ።
ውሃዋን ደፋሁላት፣ ክዳኗን ገጠምኩት፣
ሶኬቷን መንቀሉን ድካም አስረሳኝና ተኛሁ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግድም መብራቱ ሲመጣ
ቤቱ ተንቀጠቀጠ።
ባዶዋን ትዞራለች፣
ማንም ሳያዛት፣ ካቆመችበት ቀጥላ፣
የሌለ አንሶላ ታሻለች፣ የሌለ ሰው ላብ ታወጣለች።
ልነቅላት ተነሣሁ፣
የባለቤቱ ቆጣሪ፣ የወሩ ሒሳብ እየታየኝ፣
በባዶ እግሬ ሲሚንቶው ላይ።
የማዞሪያዋን ጫፍ በስልኬ ብርሃን አየሁት፤
«ተዋት» ላይ ደርሷል።

ተውኳት።